ለአዳማ ነፋስ ስንት ሜትር ካይት? ስለ ካይት ባጊና ስለ ጨዋታዎቹ

ካይት ባጊ ሦስት ጎማ ያላት፣ ሞተርም ፍሬንም የሌላት፣ መቀመጫዋ መሬት ሊነካ ትንሽ የሚቀረው ጋሪ ናት። የምትጎትታችሁ ካይቷ ናት፣ በገመድ ተይዛ በነፋስ የምትበር ጨርቅ። የፊቱን ጎማ በእግራችሁ ትመራላችሁ፣ ካይቷን በእጃችሁ። ሌላ ብዙ ዕቃ የለውም።

ትናንት የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ፖኮክ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር በካይት የሚጎተት ሰረገላ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1826 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የዚያ ዘመን የመንገድ ቀረጥ የሚቆጠረው በፈረስ ስለነበር ፈረስ የሌለው ሰረገላ ሳይከፍል ያልፍ ነበር ይባላል። ብልጥ ሰውዬ ነው። የዛሬዋን ቀላል ባጊ ያስፋፋው ግን የኒውዚላንዱ ፒተር ሊን ነው፣ እ.ኤ.አ. 1990 አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኢቫንፓ በተባለ የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ባጊ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ተነድታለች። በነፋስ ብቻ።

አዳማ ላይ ይሄ ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው ስለ ትሪኮቹ፣ ማለትም በባጊዋ ስለሚሠሩት ጨዋታዎች ነው። በሁለት ጎማ እንዴት ይነዳል? ባጊዋ እንደዚያ ስትሽከረከር ለምን አትገለበጥም? ቪዲዮ አይቶ ነው የሚመጣው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ወሬውን ወደ ካይቷ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም ትሪክ የሚሠራው ካይቷ ስትጎትት ሳይሆን መጎተት ባቆመችባት ቅጽበት ነው። ትልቅ ካይት ያቺን ቅጽበት አትሰጣችሁም። ትልቅ ካይት ይዞ ትሪክ ልማር የሚል ጀማሪ የሚማረው መጎተትን ነው።

እስቲ ከነፋሱ እንነሳ። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ካይቷ መብረር የምትችለው ከፊታችሁ ባለው ክልል ብቻ ነው። አከንባሎ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ፊታችሁ የተደፋ ያህል አስቡት፤ እናንተ የቆማችሁት በተቆረጠው ጎን መሃል ላይ ነው። ጠርዙ ላይ፣ ማለትም በግራ ጥግ፣ በቀኝ ጥግና ከራሳችሁ በላይ፣ ካይቷ ትንሳፈፋለች እንጂ ብዙም አትጎትትም። ከጠርዙ ወደ መሃል፣ በተለይ ዝቅ ወዳለው መሃል ስታስገቧት ግን ያላትን ጉልበት በሙሉ ታወጣዋለች። ከራስ በላይ ያለውን ቦታ ከዚህ በኋላ አናት እለዋለሁ፤ ጨዋታው ሁሉ ያለው እሱ ጋ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ካይት "3 ሜትር" ስትባል ስፋቷ 3 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው። ስፋቷ እጥፍ ሲሆን ጉልበቷ እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቷ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ወደ 28 ቢል "ትንሽ ጨመረ" እንላለን፤ እጃችሁ ላይ ግን 3 ሜትሯ ካይት 6 ሜትር ሆናለች።

ሌላም ነገር አለ። ባጃጅ ላይ ስትሄዱ ዛፍ የማይነቃነቅበት ቀን እንኳ ፊታችሁን ነፋስ ይመታዋል፤ ፍጥነታችሁ የፈጠረው ነፋስ ነው። ባጊም እንደዚያው ናት። ነፋሱን አቋርጣችሁ መሄድ ስትጀምሩ ካይቷ የምታገኘው እውነተኛውን ነፋስና የእናንተን ፍጥነት ደርባ ነው። ባጊ ጠንካራ መሬት ላይ ከነፋሱ ራሱ ሁለት ሦስት እጥፍ ፈጥና የምትሄደው በዚህ ነው። ይሄ ለካይት መረጣ ምን ይነግረናል? ቆማችሁ ስትሞክሯት "ትንሽ ደከም አለች" ያስባለቻችሁ ካይት ባጊ ላይ ልክ ትሆናለች። ቆማችሁ እያለ ጫማችሁን እየፈገፈገች የምትወስዳችሁ ግን ወደ ቦርሳዋ ትመለስ።

ከፍታው ደግሞ አለ። አምራቾች የሚያወጡት የካይት መጠን ሰንጠረዥ በአብዛኛው በባሕር ዳርቻ ለሚነዳ ሰው የተሠራ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ሐዋሳም ብዙም አትርቅም። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ስለዚህ ያው ነፋስ፣ ያቺው ካይት፣ ጉልበቷ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሰንጠረዡ 5 ሜትር የሚልበት ቀን አዳማ ላይ 6 ሜትር ሊያስፈልግ ይችላል።

ይሄን የሰማ ሰው ወዲያው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ካይት ያዛል። ቆይ። ቅድም ያልኳችሁን አስታውሱ፣ ጉልበቱ ከነፋሱ ጋር የሚጨምረው በአራት እጥፍ ሕግ ነው። ነፋሱ ከመቶ 10 ብቻ ከጨመረ የከፍታው ቅናሽ ብን ብሎ ይጠፋል። ከ25 ወደ 27 ተኩል ማለት ነው እኮ፣ ልዩነቱ ለጆሮ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ከፍታውን ነፋሱ ቀለል ባለበት ቀን ተጠቀሙበት፤ ነፋሱ በበረታ ቀን ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

የአዳማ ነፋስ ችግሩ ማነሱ አይደለማ። ችግሩ ጠባዩ ነው። በባሕር ላይ የመጣ ነፋስ የሚያደናቅፈው ነገር ስለሌለ ወጥ ነው። የእኛው ደግሞ ኮረብታውን ዞሮ፣ ፎቁን ተጋጭቶ፣ ባሕር ዛፉን አልፎ ነው የሚደርሰን። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲግል የጋለው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቦታውን ለመያዝ ይወርዳል፣ እና ነፋሱ አንዴ ይጠፋል አንዴ ይገርፋል። አቧራ እያዞረ የሚሄደውን አውሎ ነፋስ ካያችሁ ደግሞ ድርድር የለም፦ ካይቷን መሬት አውርዱ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። እሱ ካይቷን ወደ ላይ ነው የሚወስዳት፣ ከነባለቤቷ።

እንግዲህ ካይት የሚመረጠው በአማካዩ ነፋስ አይደለም፣ በትልቁ ግርፋት ነው። በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ ካላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቁሙና ያየችውን ከፍተኛ ቁጥር ያዙ። ከሌላችሁ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። በዓለም የሚሠራበት የነፋስ ደረጃ ነፋሱ አቧራና ወረቀት ካነሳ 20 እስከ 28 ነው ይላል፤ አዳማ ላይ ግን አቧራው ለመነሳት ሰበብ ነው የሚፈልገው፣ አትመኑት። ዛፎቹ ይሻላሉ። ትናንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩ 29 እስከ 38 ውስጥ ናችሁ። ጃንጥላ የያዘ ሰው መታገል ከጀመረ ከዚያ አልፏል፣ ለጀማሪ ቀኑ አብቅቷል፣ ቡና ጠጡ።

ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖችስ? በሁለት ዙር የተተከሉ 136 ተርባይኖች አሉ፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ሰው ወደ እነሱ አንጋጦ "ዛሬ ነፋስ አለ" ይላል። እነሱ ያሉት ኮረብታ አናት ላይ ነው፣ ያውም ከፎቅ በላይ፤ እዚያ ያለው ነፋስ ሜዳው ላይ ከሚያገኛችሁ ይበልጣል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከነሱ አትውሰዱ። አቅጣጫውን ግን በደንብ ይነግሯችኋል፤ ተርባይን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ ነው የሚያዞረው። ሜዳው ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ፌስታል ቀዳችሁ እንጨት ላይ እሰሩ። ቀጥ ብሎ እየተርገበገበ ከቆየ ነፋሱ ወጥ ነው። እየወደቀ፣ እየተነሳ፣ ዞሮ እንጨቱ ላይ እየተጠመጠመ ከሆነ ከመረጣችሁት ካይት አንድ ቁጥር ውረዱ። ከተርባይኖቹ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከአስፋልት መንገድ ደግሞ ራቅ፣ ይሄ አያከራክርም።

ቁጥሩን ንገረን ካላችሁ፣ 70 ኪሎ አካባቢ ለሆነ ሰው፣ ደረቅና ሜዳማ መሬት ላይ፣ መነሻው እንዲህ ነው። ግርፋቱ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካልዘለለ ከ5 እስከ 6 ሜትር። 30 የሚደርስ ከሆነ 3 ሜትር፣ ልምድ ሲመጣ 4። 40 የሚነካ ከሆነ 2 ሜትር፣ እሱም ለለመደ ሰው። ከበድ የምትሉ ትንሽ ጨምሩ፣ ቀለል የምትሉ ቀንሱ። መሬቱ ሣር ወይም ልል አሸዋ ከሆነ ጎማው ስለሚያዝ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ለትሪክ ቀን ደግሞ ከዚህም አንድ ደረጃ ውረዱ።

ዓይነቱን በተመለከተ አጠር ላድርገው። የሚነፋ አጥንት ያላቸው የውሃ ላይ ካይቶች አሉ፤ ውሃ ላይ ሲወድቁ እንዳይሰምጡ ነው እንደዚያ የተሠሩት። የግራር እሾህ ባለበት አገር እነሱን ይዞ ሜዳ መውጣት ለእሾህ ግብዣ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ጨርቅ ብቻ የሆነው፣ በፊቱ ባሉት ክፍት ቀዳዳዎች አየር ገብቶ የሚወጥረው ዓይነት ነው። አራት ገመድ ያለው ይሁን። ሁለቱ የላይኞቹ ይጎትታሉ፣ ሁለቱ የታችኞቹ ፍሬን ናቸው። በዱላ የሚያዝና ጉልበቱ እየሄዳችሁ የሚቀነስ ዓይነትም አለ፣ ግርፋት ለሚበዛበት ነፋስ ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ትሪክ ለመማርም በሁለት እጀታ የሚያዘው የተሻለ ይታዘዛል ብዬ አምናለሁ። የማይስማሙ አሉ፣ ይሁን።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ቅርጹ ነው። አንዳንድ ካይት ረጅምና ቀጭን ነው፣ አንዳንዱ አጭርና ሰፋ ያለ። ቀጭኑ ይፈጥናል፣ ወደ ነፋሱም ጠጋ ብሎ ይሄዳል፣ ውድድር ላይ የምታዩት እሱን ነው። ግን ነፋሱ ለአፍታ ሲጠፋ ጫፉ ይታጠፍና አናታችሁ ላይ እንደ ጨርቅ ይወርዳል። የመጀመሪያ ካይታችሁ ሰፋ ያለው፣ ዘገምተኛው ይሁን። አናት ላይ አቁማችሁ ለሁለት ሦስት ሰኮንድ ብትረሷትም የማትወድቅ ካይት ትሪክ ታስተምራለች።

እጀታውን የሚይዝ ሰው ከፍሬን ገመዶቹ ጋር የተያያዘ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ያድርግ። እጀታውን ስትለቁት ማሰሪያው ፍሬኑን ብቻ ይስባል፣ ካይቷም ጉልበቷን ጥላ መሬት ትተኛለች። ነገሩ ከበዳችሁ? ልቀቁት። ራሳችሁን ከባጊዋ ጋር አትሰሩ፣ ገመዱንም እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ገመዱ ቀጭን ነው፣ ተወጥሮ ሲያልፍ ቆዳ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ልጆችና ከብቶች ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ካሉ ካይቷን አታስነሱ። ሄልሜት ያስፈልጋል፣ ጓንትም።

ባጊዋን እዚሁ ማሠራት ይቻላል? ይቻላል። የተለመደው የባጊ ጎማ ቁጥሩ 4.00-8 ነው፣ ባጃጅ የሚጠቀመውም እሱኑ ነው። እንግዲህ አዳማ ላይ ጎማና ካላማዳሪያ አይቸግርም፣ ጎሚስታውም እሾህ ማውጣት ያውቅበታል። የባጃጅ ጎማ ጎኑ ደረቅና ከበድ ያለ ነው፣ ያ እሾህ ላይ ይጠቅማል፤ ባጊ ላይ የሚሸከመው አንድ ሰው ስለሆነ ግን የጎማውን ንፋስ ከባጃጁ ለስለስ አድርጉት። ብየዳው ላይ አትቆጥቡ፣ በተለይ የፊት ሹካው ላይ። የኋላ ጎማዎች ተራርቀው ይቀመጡ። ኩሽኔታዎቹን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ፈታችሁ እዩ፣ የአዳማ አቧራ ቅባቱን ወደ ሞረድ ነው የሚቀይረው።

ቦታ? እህል ከታጨደ በኋላ ያለ ጠጣር ሜዳ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። የኳስ ሜዳ አይበቃም።

አሁን ጨዋታው። መጀመሪያ የምትለማመዱት መቆም ነው፣ አሰልቺ ቢመስልም ሌላው ሁሉ የተሠራው በሱ ላይ ነው። እየሄዳችሁ ካይቷን ወደ አናት ታወጣላችሁ፣ ወዲያው የፊት ጎማውን ወደ ነፋሱ፣ ማለትም ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል፣ ታዞራላችሁ። ባጊዋ ትሞታለች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ካይት፣ ከዚያ ጎማ። ሰው ሲደነግጥ ጎማውን ያስቀድማል፤ ካይቷ ታች እንዳለች ባጊዋ ስትዞር ጉልበቱ በሙሉ በጎን ይመጣና ይገለብጣታል።

መቆም እጃችሁ ከገባ መንሸራተትን ይዛችኋል ማለት ይቻላል። ያው ነገር ነው፣ በፍጥነት። ነፋሱን አቋርጣችሁ መጠነኛ ፍጥነት ያዙ፣ ካይቷን ወደ አናት ጀምሯት፣ ገና ሳትደርስ የፊት ጎማውን ወደ ነፋሱ በኃይል ግፉት። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ይለቃሉ፣ ጀርባችሁ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ይወጣል፣ አቧራው ይነሳል፣ ጎማው ጠጠሩን ሲፍቅ ይሰማችኋል። ሰውነታችሁ ወደ ነፋሱ ያዘንብል። በአዳማ ደረቅ መሬት ላይ ስስ አቧራ ስላለ ይሄ ትሪክ ቶሎ ይመጣል፤ ሣር ላይ ግን አትሞክሩት፣ ጎማው እየተንሸራተተ ድንገት ሲነክስ ባጊዋ ትቆማለች እናንተ ትቀጥላላችሁ።

በሁለት ጎማ መንዳት ከመንሸራተት ይለያል፣ እዚህ ካይቷ ትንሽ መጎተት አለባት። ነፋሱን አቋርጣችሁ ስትሄዱ ካይቷ በጎን ትስባችኋለች፣ ስለዚህ በነፋሱ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ቀለል ይላል። የፊት ጎማውን ትንሽ ወደ ነፋሱ ስትነኩት ያ ጎማ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የምትይዙት በእግራችሁ ነው፦ ወደ ነፋሱ ስትመሩ ይበልጥ ይነሳል፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ስትመሩ ይወርዳል። ማምለጫው ሁልጊዜ ወደ ካይቷ መምራት ነው። ይሄ ብቻ እስኪዋሃዳችሁ ድረስ ከስንዝር በላይ አታንሱት። በአንድ ጎን ብቻ መልመድም ልማድ ሆኖ ይቀራል፣ ከጅምሩ በግራም በቀኝም ሥሩት።

ግማሽ ዙር ደግሞ መንሸራተቱን አለማቆም ነው። ካይቷ አናት ላይ ናት፣ ባጊዋ ተንሸራታ ዞራ ፊቷ ወደመጣችሁበት ይሆናል፣ እናንተም ወደ ኋላ እየተንከባለላችሁ ነው። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያምታታል። አንደኛ፣ መሪው ተገላብጧል፣ ግራ ያላችሁት ቀኝ ይወስዳችኋል። ሁለተኛ፣ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ሲኬድ ራሱን ጥሎ መታጠፍ ይወዳል፣ እግራችሁን ላላ ካደረጋችሁ ተወርውሮ ቁርጭምጭሚት ይመታል። ሁለቱንም እግር ጠበቅ። ካይቷን የምታወርዷት መጀመሪያ ትሄዱበት ወደነበረው አቅጣጫ ነው፤ ፊታችሁ ወዳለበት ካወረዳችኋት ባጊዋን መልሳ ታቆማታለች።

ሙሉ ዙር የሚሆነው ግማሹን ሳታቆሙ ስትጨርሱት ነው፣ እና እዚህ ነው ትንሿ ካይት የምትከፍለው። ባጊዋ በዞረችበት ጊዜ ሁሉ ካይቷ አናት ላይ ዝም ማለት አለባት። እጆቻችሁ ከፍ ብለው፣ እኩል፣ ሳይስቡ። ብዙ ሰው ሰውነቱ ሲዞር አንዱን እጅ ሳያውቀው ይስባል፤ ካይቷ ትወርዳለች፣ ከዚያ ዙሩን የምትጨርሰው እሷ በፈለገችው ነው። ሲሳካ ገመዶቹ አንዴ ይጠማዘዛሉ። አትደንግጡ፣ አንድ ጥምዝ መሪውን አይከለክልም፤ ቀጣዩን ዙር በተቃራኒው ስትዞሩ ይፈታል።

ከባጊ ጋር የሚዘሉትን ቪዲዮዎች በተመለከተ፣ ይዝለሉ። የሚዘሉት ወጥ የባሕር ነፋስና ልል አሸዋ ላይ ነው። እንደኛ በሚገርፍ ነፋስ ወደ ላይ መውጣት ቀላል ነው፣ መውረዱን የሚወስነው ግን ነፋሱ ነው።

ገንዘብ ስታወጡ በቅድሚያ 3 ሜትር ግዙ። ሁለተኛውን ስትጨምሩ 4 አትግዙ፤ ከ3 ብዙም ስለማትለይ የምታወጧት ቀን ትንሽ ነው። 5 ይሁን፣ ለከፍታው ስትሉ 6 ብትሉም አልቃወም። 2 ሜትሯን ለመጨረሻ አቆዩ፣ የምትፈልጓት በነፋሱ ቀን ትሪክ መሥራት ሲያምራችሁ ነው። ያገለገለ ካገኛችሁ ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፣ ስፌቱን በጣት ሳብ ሳብ አድርጉ፣ አራቱን ገመዶች አንድ ሚስማር ላይ አስራችሁ እየወጠራችሁ ርዝመታቸውን አስተያዩ። ጥንድ ጥንዱ እኩል ካልሆነ ካይቷ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች፤ ያ በገመድ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ሰበብ ነው።